መታወቂያዬ ገና ስምንት ወር አለው፣ ማሽኑ ግን «ጊዜው አልፏል» ይላል

ሦስተኛ_ዓመት
ኅዳር 3፣ 2018፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። ለተማሪ በነፃ የሚሰጥ የፕሮግራሚንግ ጥቅል አለ አይደል፣ እሱን ለማግኘት መሞከር ከጀመርኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ለክስ አልመጣሁም፣ ነገሩ እንዲገባኝ ነው።

የግቢ ኢሜይል የለኝም። ስንገባ ይሰጣችኋል ተብሎ ነበር፣ እስከ ዛሬ ወፍ የለም። ስለዚህ «ሰነድ ጫን» የሚለውን መረጥኩ። መታወቂያዬን በስልክ አንስቼ ላክሁ። አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ «የሰነዱ ጊዜ አልፏል» የሚል መልስ መጣ። ሰው አላየውም ማለት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሰው አያነብም።

ደግሜ ላክሁ፣ ያው። በሦስተኛው ግሬድ ሪፖርት ላክሁ። አሁን ደግሞ «ስሙ አይገጥምም» አለኝ።

መታወቂያዬ ላይ የሚያበቃበት ቀን 30/10/2018 ይላል። ሰኔ 30 ማለት ነው። ገና ስምንት ወር ገደማ ይቀረዋል። ምኑ ነው ያለፈበት? ፎቶውን አያይዣለሁ፣ እዩልኝ።


ቡና_በጀበና
ኅዳር 3፣ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ። 30/10/2018ን አንተ ሰኔ 30 ብለህ ታነበዋለህ። ማሽኑ ኦክቶበር 30 ብሎ አነበበው። ለእሱ ሰባት ዓመት ያለፈው ቀን ነው። የአንተ ሰኔ 30፣ 2018 በፈረንጅ ጁላይ 7፣ 2026 ነው፤ ይህን ግን ማን ይንገረው?

እነዚህ ነገሮች ብዙ ብልሃት የላቸውም። ፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለቅመው ያወጣሉ። ከዚያ ስም፣ የትምህርት ቤት ስምና ቀን ይፈልጋሉ። ያገኙትን አንተ ቅጹ ላይ ከሞላኸው ጋር ያስተያያሉ። ገጠመ፣ አለፈ። አልገጠመም፣ ወደቀ። ተማሪ ነህ አይደለህም ብሎ የሚጨነቅ የለም።

ዓ.ም. ተብሎ ቢጻፍም ዋጋ የለውም። ኢ.ሲ እና ጂ.ሲ የምንላቸው እንኳ የእኛው ሰፈር ቋንቋ ናቸው፣ ከአገር ከወጡ የሚያውቃቸው የለም። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ዓመት፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን። የእኛ ትኩስ ወረቀት ሁሉ ለማሽን አሮጌ ነው።

የራሴን ልንገርህ። የዛሬ ሁለት ወር አንድ የትምህርት ማስረጃ ደብዳቤ አስጻፍኩ፣ ጳጉሜ 3 ቀን። ቀኑ 03/13/2017 ተብሎ ተጻፈ። 13ኛ ወር ስለሌላቸው ቢያንስ ግራ ይገባዋል፣ ወደ ሰው ይመራዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ምን ግራ ይገባዋል! አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ይጽፉ የለ? ማርች 13፣ 2017 ብሎ አንብቦ ጣለው።


ለሊት_ኮደር
ኅዳር 3፣ ማታ 3:31

ምን ያደክምሃል? ፎቶሾፕ ላይ 30/10/2018ን 07/07/2026 አድርገህ ጫን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ውሸት እኮ አይደለም፣ ያው ቀን ነው!


አወያይ
ኅዳር 3፣ ማታ 4:10

ሁለት ነገር።

ሦስተኛ_ዓመት፣ ያያያዝከውን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ፊትህም መለያ ቁጥርህም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንም ሰው መታወቂያውን እዚህ አይለጥፍ፣ ጽሑፉን መጻፍ ይበቃል።

ለሊት_ኮደር፣ የጻፍከውን አላጠፋሁትም፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበው ስለሆነ መልስ ይገኝበት ብዬ ነው። ቀኑ ያው ቀን ነው፣ እውነት ነው። ወረቀቱ ግን ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ወረቀት መሆኑ ቀረ። ስሙ ፎርጅድ ነው። የተነካካ ምስል የሚለዩ ማጣሪያዎች አሉ፣ ሲይዙህ ደግሞ ዝም ብለው አይጥሉህም፣ አካውንቱን ይዘጉታል። እውነተኛ ተማሪ ሆኖ በፎርጅድ መያዝ ከሁሉም የባሰ ሞኝነት ነው። ቴሌግራም ላይ «የተማሪ አካውንት በ300 ብር» የሚሉትንም እዚህ የሚያስተዋውቅ ካለ ይወጣል።


ለሊት_ኮደር
ኅዳር 3፣ ማታ 4:18

እሺ ተረጋጉ፣ ቀልድ ነበር። ግማሹ።


የግቢ_በር_ኮፒ_ቤት
ኅዳር 4፣ ጠዋት 3:20

አወያይ ፎቶውን ከማንሳቱ በፊት አይቼው ነበር። ቀኑን ተወውና ፎቶው ራሱ አያስኬድም። እኔ ግቢ በር ላይ ኮፒና ፕሪንት ነው የምሠራው፣ በቀን ስንት ተማሪ ይህንኑ ይዞ ይመጣል።

መታወቂያው ላሚኔት ነው፣ አንተ ደግሞ ማታ በፍላሽ አነሳኸው። መሀሉ ላይ ነጭ ጸሐይ ወጥቶበታል፣ የትምህርት ቤቱ ስም ግማሹ ተበልቷል። ፍላሹን አጥፋ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ፣ ጠቆር ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከላይ ቀጥ ብለህ አንሳ። አራቱም ጠርዝ ይታይ። ጣትህም አይግባ፣ አውራ ጣትህ የአባትህን ስም ሸፍኖት ነበር።

ሌላው ቴሌግራም ነው። ሁላችሁም ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የምታሻግሩት በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ፎቶውን ይጨምቀዋል። ለዓይን ምንም አይመስልም፣ ትንንሹ ጽሑፍ ግን ይሟሟል። «እንደ ፋይል ላክ» የሚል አለ፣ በእሱ ላኩ።

ደግሞ ጀርባውን ማን አየው? የብዙ ግቢ መታወቂያ የሚታደሰው ጀርባው ላይ በሚመታ ማህተም ነው። ከፊት ያለው የመጀመሪያ ዓመት ቀን ሆኖ ይቀራል። ሁለት ገጽ የሚቀበል ከሆነ ሁለቱንም ጫኑ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን መታወቂያውን እርሱት፣ ደብዳቤ አስጽፉ።


ሜሪላንድ_ማታ_ክፍል
ኅዳር 4፣ ማታ 1:15

እኔ አሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው የምማረው፣ ማታ ማታ። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት እንኳ አይጠይቁህም። ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ የሚባል ተቋም አለ፣ ከ1993 ጀምሮ የነበረ። ኮሌጆች ማን እንደተመዘገበ ለእሱ ያሳውቃሉ። ተማሪነትህን የሚያረጋግጠው ድርጅት ስምህንና የልደት ቀንህን ወስዶ ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል፣ ካገኘህ አለቀ። ሰነድ የሚጠየቀው መዝገቡ ላይ ካልተገኘህ ነው።

እኔ አልተገኘሁም። ሁለት ሳምንት ተሟገትኩ። ለካ ስሜ ነው! ፓስፖርቴ ላይ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቷል፣ የእኔና የአባቴ ስም ደግሞ አንድ ላይ ተጣብቆ የመጀመሪያ ስም ሆኗል። ኮሌጁ የመዘገበኝ በፓስፖርቱ ነው። እኔ ደግሞ ቅጹ ላይ እንደለመድኩት የራሴንና የአባቴን ሞላሁ። ለማሽኑ ሁለት የተለያየን ሰዎች ነን።

ስለዚህ ሦስተኛ_ዓመት፣ የአንተ ግሬድ ሪፖርት በስም የወደቀው በዚህ ይመስለኛል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ስም አለ፣ አንተ ሁለት ሞልተሃል። ፊደሉንም እይ። ቃልኪዳን የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ ትራንስክሪፕቷ ላይ በኪው ነው የሚጀምረው፣ ኢሜይሏ ላይ በኬ። በጸ የሚጀምር ስም ያላችሁማ እግዜር ይርዳችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው ብለህ አትጨነቅ። ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ ስህተቱም ቢሆን እንደ ስህተቱ፣ ቅጹ ላይ ገልብጠው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላሉ። ኮሌጃችሁ መረጃችሁን ለማንም እንዳይሰጥ ሬጅስትራር ዘንድ ቅጽ ሞልታችሁ ከሆነ፣ ክሊሪንግሃውስም ስለ እናንተ አይመልስም። አጎቴ «ለጥንቃቄ» ብሎ አስሞልቶኝ ነበር።


ቡና_በጀበና
ኅዳር 4፣ ማታ 1:50

ሜሪላንድ ያለው ልክ ነው። ጊትሃብን (ኮድ የሚቀመጥበትን ድረ ገጽ) ውሰዱ፣ ለተማሪ ጥቅሉ ስታመለክቱ አካውንታችሁ ላይ ያለው ሙሉ ስም ከሰነዱ ጋር እንዲገጥም ይፈልጋል። አካውንቱን በቅጽል ስም ከፍቶ «ለምን ወደቅሁ» የሚል ሞልቷል።

ኢሜይል ያላቸው ልጆች ደግሞ ይቺን ይያዙ። ጄትብሬንስ (የፕሮግራሚንግ ሶፍትዌር ሠሪው) የትኛው ኢሜይል የትምህርት ቤት እንደሆነ የሚያውቅበት ዝርዝር ጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ስዎት ይባላል። የግቢያችሁ አድራሻ ትክክለኛ ሆኖ እያለ «አናውቀውም» ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት። በአድራሻው መጨረሻ ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው፣ የእኛም የ.et ፎልደር አለ።


አንድ_ኪሎ_ስኳር
ኅዳር 4፣ ማታ 2:22

ፋይዳ ብንጭንስ? እንግሊዝኛም አለው፣ የፈረንጅ ቀንም አለው።


ቡና_በጀበና
ኅዳር 4፣ ማታ 2:30

ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል። መማርህን አይናገርም። እትዬ የጉልት ነጋዴዋም ፋይዳ አላቸው።


ሦስተኛ_ዓመት
ኅዳር 5፣ ማታ 12:45

ወገን፣ ዛሬ ሬጅስትራር ሄጄ ደብዳቤ አስጻፍኩ። በእንግሊዝኛ፣ ሦስቱም ስሜ በትክክል፣ ማህተምና ፊርማ ያለው። ኮፒ ቤት እንዳለው በቀን ብርሃን አነሳሁት። ቅጹ ላይም ስሜን እንደ ወረቀቱ ገለበጥኩ።

ወደቀ።

«ሰነዱ ወቅታዊ አይደለም»። ወደ ደብዳቤው ተመለስኩ። ላይኛው ቀኝ ጥግ፣ የራስጌው ወረቀት ላይ «ቀን» የሚል የታተመ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ በእስክሪብቶ 05/03/2018 ተብሏል። መሃሉ ላይም «የ2018 የትምህርት ዘመን ተማሪ ነው» ይላል። እንግሊዝኛው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑ ግን ኅዳር ነው። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሊያስለቅሰኝ ነበር። አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶኛል ይላል።


መስኮት_ሁለት
ኅዳር 6፣ ጠዋት 4:10

ልጄ፣ እኔ በሌላ ግቢ ሬጅስትራር ውስጥ ነው የምሠራው። አሥራ አራት ዓመቴ። አታልቅስ።

እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የደብዳቤው ቅጂ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው የሚቀየረው። ቁጥሩና ቀኑ ወጪ ሲሆን በእጅ ይሞላል። ወጪ የምታደርገው ልጅ ቀን የምትጽፈው መዝገቧ ላይ እንዳለው ነው። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ነው። ለማን እንደሚሄድ አታውቅም፣ ብታውቅም ፈረንጅ ማሽን እንደሚያነበው ምን ብላ ትገምት? ለኤምባሲ ሲሆን ይነግሩናል፣ እንጠነቀቃለን። እናንተ ግን መስኮቱ ላይ መጥታችሁ «ተማሪ መሆኔን የሚገልጽ» ብቻ ትላላችሁ።

ስለዚህ ስትሄድ በብጣሽ ወረቀት ጽፈህ ሂድ። ሙሉ ስም በእንግሊዝኛ ከነፊደሉ። የትምህርት ዘመን 2025/26። የምትመረቅበት ወር በፈረንጅ። የደብዳቤው ቀን ወሩ በቃል ይጻፍ፣ ኖቬምበር ተብሎ፣ በቁጥር አይሁን። ይህንን አሳያቸውና «ወደ ውጭ አገር በኮምፒውተር የሚላክ ነው» በላቸው። በአፍ ከተናገርክ ይረሳል፣ ከወረቀት ከሆነ እየገለበጡ ይጽፉልሃል። ከላይ ያለውን የእጅ ቀንም ሳይሞሉት በፊት ንገራቸው፣ አንዴ ማህተም ካረፈበት ማንም አይሰርዝልህም።

የኢትዮጵያውም ቀን አጠገቡ በቅንፍ ቢጻፍ ለፋይላቸው ይስማማቸዋል።


የበርሊኗ
ኅዳር 6፣ ቀን 8:05

እትዬ መስኮት ሁለት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በመጨረሻዋ ነጥብ አልስማማም። ሁለት ቀን አንድ ወረቀት ላይ ካለ ማሽኑ የትኛውን እንደሚይዝ ዕድል ነው። 2025ም 2018ም ካየ አሮጌውን ሊወስድ ይችላል። አንድ ሙከራ ለቀረው ልጅ ይህ ቁማር ነው።

እዚህ ጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የምዝገባ ማስረጃ በየሴሚስተሩ ይሰጣሉ። ስሙ ራሱ አንድ መስመር ይሞላል፣ ኢማትሪኩላሲዮንስበሻይኒጉንግ። ተማሪው ከፖርታሉ ራሱ አውርዶ ያትመዋል። ላዩ ላይ ሴሚስተሩ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ተጽፏል፣ ከዚያ ውጭ የሚያምታታ ነገር የለውም። ጀርመንኛ ስለሆነ አንዳንዱ አገልግሎት ይመልሰዋል፣ ለዚህ ነው እንግሊዝኛውን ቅጂ አብረው የሚያዘጋጁት። ወረቀቱ ያለፈው የተናገረው ትንሽ ስለሆነ ነው። የእኛ ደብዳቤ ቁጥር፣ ፖስታ ሳጥን፣ ስልክ፣ ፋክስ፣ ግልባጭ፣ መፈክር... ማሽኑ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቀን ሊፈልግ ነው።


መስኮት_ሁለት
ኅዳር 6፣ ቀን 9:30

ልክ ነሽ ልጄ። ቅንፉ ይቅር። ለፋይሉ የሚቀረው ግልባጭ ላይ እነሱ ይጻፉበት፣ የአንተ ቅጂ ላይ አንድ ቀን ብቻ ይኑር።


ለሊት_ኮደር
ኅዳር 6፣ ማታ 3:00

ቁም ነገር ልጨምር፣ ቀልድ አይደለም። ቪፒኤን ካበራህ አጥፋው። የአንተ ትምህርት ቤት ኢትዮጵያ፣ ኢንተርኔትህ ኔዘርላንድ ሆኖ ሲታይ አንዳንዶቹ በዚያ ብቻ ይጠረጥሩሃል። የምትገኝበትን ቦታ ገጹ ሲጠይቅም ፍቀድለት፣ ቢቻል ግቢ ውስጥ ሆነህ ሞክር። እኔ ያለፍኩት ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ነው።

ደግሞ የመጨረሻዋን ሙከራ ከመጨረስህ በፊት ለሰው የሚደርስ የድጋፍ ገጽ ካለ ፈልግ። አጭር ጻፍላቸው። «የአገሬ ካላንደር ከእናንተ ሰባት ዓመት ከምናምን ይለያል፣ መታወቂያዬ ላይ ያለው ቀን በዚያ ነው» በል። ማሽኑ ይህን አይሰማም፣ ሰውዬው ግን ጎግል ያደርገዋል።


ሦስተኛ_ዓመት
ኅዳር 9፣ ማታ 1:20

አለፈ!!!

ትናንት ሰኞ ብጣሽ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችና «ማን ነው የጻፈልህ?» አለችኝ። እትዬ ናቸው ብል ማን ይገባዋል፣ እህቴ አልኳት። ኖቬምበር 17፣ 2025 ብላ በኮምፒውተር ጻፈችው። ወጪ ስትመታበት የእጅ ቀኑ ቦታ ላይ እስክሪብቶዋን ስታሳርፍ አየሁና «አይ አይ አይ!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ባዶውን ቦታ በጭረት ዘጋችልኝ።

ዛሬ ከሰዓት ላይብረሪ ገባሁ፣ ዳታዬን አብርቼ፣ ቪፒኤን የለ ምን የለ። መስኮቱ አጠገብ አነሳሁት። ቅጹ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ስመርጥ አንድ ነገር አየሁ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ ሙሉ ስሙ፣ ሌላው የኢንስቲትዩቱ። እስካሁን የኢንስቲትዩቱን ነበር የምመርጠው፣ ደብዳቤው ራስጌ ላይ ግን ትልቁ ጽሑፍ የዩኒቨርሲቲው ነው። እሱን መረጥኩ። ምናልባት ቀኑ ቢስተካከልም በዚህ ይጥለኝ ነበር።

በአርባ ሰከንድ ውስጥ አረንጓዴ ምልክት መጣ። ሰው አላየውም፣ አሁንም።

እትዬ መስኮት ሁለት፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ኮፒ ቤት፣ ስሠራ አንድ ሪም ወረቀት እገዛልሃለሁ።


የግቢ_በር_ኮፒ_ቤት
ኅዳር 9፣ ማታ 1:41

ሪም ስንት እንደገባ አላወቅህም መሰለኝ። ቃልህን ይዣለሁ።


ፍሬሽ_2018
ኅዳር 10፣ ጠዋት 2:55

ሰላም፣ እኔ ገና የመጀመሪያ ዓመት ነኝ፣ መታወቂያም አልደረሰኝም። የምዝገባ ስሊፕ ብቻ ነው ያለኝ። ደብዳቤውን ለእኔም ይጽፉልኛል? ስንት ቀን ይፈጃል?


ሦስተኛ_ዓመት
ኅዳር 10፣ ጠዋት 3:12

ከተመዘገብክ ይጽፉልሃል፣ ስሊፑን ይዘህ ሂድ፣ ኮፒም ያዝ። እኔ በአንድ ቀን ነው የጨረስኩት። ጠዋት አትሂድ፣ ዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ) የሚሞሉ ልጆች ይሰለፋሉ። ከሰዓት 8:30 ገደማ ይቀላል። ስምህን በእንግሊዝኛ ሲሞሉልህ ደግሞ ቁመህ ፊደል በፊደል እይ፣ አራት ዓመት አብሮህ የሚኖረው እሱ ነው።